ድንጋይ የነበረው ደመና

በአንድ የሰኔ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰማዩ ከመጥቆሩ የተነሣ የመማሪያ ክፍሉን መብራት አብርተን እያስተማርን ሳለ፣ ከዕለቱ ርዕስ ጥቂት ወጣ ብለን ተማሪዎቻችንን «ደመና ምንድን ነው?» ስንል ጠየቅናቸው። ጥያቄውን ያቀረብነው እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ አንድ ትጉህ ተማሪ ፈጥኖ ተነሣና የሸመደደውን ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳያጓድል በእንግሊዝኛ ተወጣው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ደመና በከባቢ አየር ውስጥ የተንሳፈፈ፣ በዓይን የሚታይ የውሃ ተን ክምችት ነው» እንደ ማለት ነው። እኛም ቀጠልንና «እንግዲያው በመስኮቱ በኩል አሁን የምናየው ተን ነው ወይስ ውሃ?» አልነው። ዝም አለ። «ክብደትስ አለው?» ብለን ጥያቄውን ለክፍሉ ሁሉ ስናቀርብ፣ «የለውም፤ ቢኖረውማ ይወድቅ ነበር» የሚል መልስ ከየአቅጣጫው ተሰማ።

ጥያቄውን በአማርኛ ደገምነው። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች፣ እስከዚያች ዕለት ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ ተማሪ እጅዋን አወጣችና እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ ደመና እኮ ከሩቅ የታየ ጉም ነው። ከሀገሬ ስመጣ ጣርማ በር ላይ መኪናው ውስጡ ገብቶ ያልፋል፤ መስኮት ከከፈትን ፊታችንን ያረጥበዋል። ከታች ከደብረ ሲና ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ተራራው ላይ የተቀመጠ ደመና ነው።»

ይህች ተማሪ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቁም ነገሮችን ተናግራለች። አንደኛው፣ ጉምና ደመና በተፈጥሯቸው አንድ መሆናቸውን፣ ልዩነታቸው የተመልካቹ መቆሚያ ብቻ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ደመና ፊት የሚያረጥብ ፈሳሽ ውሃ እንጂ ተን አለመሆኑን ነው። የውሃ ተን በዓይን አይታይምና «የሚታይ ተን» የሚለው የተሸመደደ ትርጓሜ ከመነሻው ስሕተት ነበር። ታዲያ መልሱን የምታውቀው ተማሪ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ለምን ዝም አለች? መልሱን የማያውቀውስ ተማሪ ያን ያህል በድፍረት እንዲናገር ያስቻለው ምንድን ነው?

እንደ እኛ እምነት፣ የዚህ ምክንያት ስለ ሳይንስ ቃላት ያለን የተሳሳተ አመለካከት ነው። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ከሆነ በራሱ ሳይንሳዊ፣ አማርኛ ከሆነ ደግሞ የመንደር ወሬ ይመስለናል። ቃሉን መያዝም ነገሩን ማወቅ ይመስለናል። ይህ አመለካከት ምን ያህል መሠረት እንደሌለው ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «ክላውድ» የሚለውን፣ ደመናን የሚያመለክተውን ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ መመርመር ብቻ ይበቃል።

ኮረብታው ወደ ሰማይ ሲወጣ

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ምድር ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ክሉድ» የሚባል ቃል ነበር። ትርጉሙ ግን ደመና አልነበረም። የድንጋይ ቁልል፣ ቋጥኝ፣ ኮረብታ ማለት ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ የአፈር ጓል የሚጠራበት «ክሎድ» የተሰኘው ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። በዚያ ዘመን ደመና የሚጠራው «ዎልከን» በሚባል ሌላ ቃል ሲሆን፣ የጀርመንኛው «ቮልከ» ዛሬም ድረስ ደመና ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1200 ገደማ ጀምሮ ግን በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ያ የድንጋይ ስም ለደመና ሲውል እናገኘዋለን። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ፀሐያማ በሆነ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ከላዩ ጉብ ጉብ ያለ፣ ነጭ የቋጥኝ ክምር የመሰለ ደመና ያያል። የዚያ ዘመን ሰው «ያ በሰማይ ላይ ያለው ኮረብታ» ብሎ ጠራው፤ አጠራሩም ቀረለት። ሁለቱ ትርጉሞች ለሁለት መቶ ዓመታት ከዚያም በላይ ጎን ለጎን ኖሩ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን የድንጋይነቱ ትርጉም ከጽሑፍ ጠፋና ደመናው ብቻ ቀረ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የስካንዲኔቪያ ሰዎች ወደ እንግሊዝ መጥተው በሰፈሩበት ዘመን «ስካይ» የሚለው ቃል ከእነርሱ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። እርሱም በመጀመሪያ ትርጉሙ ደመና ነበር። በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን ቋንቋዎች ይኸው ቃል ዛሬም ደመና ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቀስ በቀስ ደመናው ያለበትን ስፍራ፣ ማለትም ሰማይን መጥሪያ ሆነ። ጥንታዊው «ዎልከን»ም ቢሆን ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞት በ«ዌልኪን» መልክ በግጥም ውስጥ ብቻ የሚገኝ የሰማይ ስም ሆኗል። እንግዲህ በአጭሩ ሲነገር፣ ደመና የነበሩት ሁለት ቃላት ሰማይ ሲሆኑ፣ ድንጋይ የነበረው አንድ ቃል ደመና ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰበሰበ ኮሚቴ፣ የተጻፈ ደንብ፣ የተሠራ ቤተ ሙከራ አልነበረም። ቃሉን ያመጡት ገበሬዎችና እረኞች፣ መርከበኞችና ነጋዴዎች ናቸው። ስለ ከባቢ አየር ፊዚክስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዛሬ የእኛ ተማሪ በአክብሮትና በፍርሃት የሚሸመድደው ቃል የተወለደው «ይህ ነገር ያንን ይመስላል» ከሚል የዓይን ግምት ነው።

ድንጋይ ባይሆንም ይመዝናል

የጥንት እንግሊዛውያን ደመናን በኮረብታ ስም ሲጠሩ ቅርጹን እንጂ ክብደቱን አስበው አልነበረም። ይሁንና ስሌቱ ሲሠራ ደመና ድንጋይ ባይሆንም ከባድ ሆኖ ይገኛል። አንድ ተራ ክምር ደመና በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ግማሽ ግራም ያህል ፈሳሽ ውሃ ይይዛል እንበል። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ደመና 1,000,000,000 ሜትር ኩብ ይዘት አለው። በመሆኑም በውስጡ 500,000,000 ግራም፣ ማለትም 500 ቶን ውሃ አለ። ይህን ውሃ ለማጓጓዝ 10 ቶን የሚጭኑ 50 የጭነት መኪናዎች ያስፈልጋሉ።

«ታዲያ ለምን አይወድቅም?» የሚለው የተማሪዎቻችን ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ «ይወድቃል» የሚል ነው፤ ነገር ግን አወዳደቁ እጅግ ዝግተኛ ነው። 500 ቶኑ በአንድ ላይ ያለ ጭነት ሳይሆን ለቁጥር የሚያዳግቱ ጥቃቅን ጠብታዎች ናቸው። የአንዱ ጠብታ ሬዲየስ ብዙውን ጊዜ ከ0.01 ሚሊ ሜትር አይርቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቃቅን ጠብታ ክብደቱ ከሬዲየሱ ኩብ ጋር ሲያድግ፣ አየሩ የሚያሳድርበት ተቃውሞ ደግሞ ከሬዲየሱና ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ያድጋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ የሚገኘው የመውደቂያ ፍጥነት ከሬዲየሱ ካሬ ጋር የተያያዘ ይሆናል። ስሌቱን ለሠራ ሰው ውጤቱ በሴኮንድ 1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት፣ አየሩ ፍጹም ቢረጋ እንኳ፣ ጠብታዋ ከ1,000 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ 23 ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል። አየሩ ግን አይረጋም። ደመናውን የሠራው ወደ ላይ የሚወጣ ሞቃት አየር በሴኮንድ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጠብታዋ በአየሩ ውስጥ እየወደቀች፣ አየሩ ግን ይዟት ይወጣል።

ዝናብ የሚወርደው ጠብታዎቹ ተጋጭተውና ተዋሕደው ሲያድጉ ወይም በደመናው ቀዝቃዛ ክፍል የተሠሩ የበረዶ ቅንጣቶች ገዝፈው ሲቀልጡ ነው። ሬዲየሷ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች የዝናብ ጠብታ የአንድ ሚሊዮን የደመና ጠብታዎችን ውሃ ይዛለች። እርሷም በሴኮንድ ከ6 ሜትር በላይ ስለምትወርድ ያንኑ 1,000 ሜትር ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ትጨርሰዋለች።

ስለ ተንና ስለ ውሃ ያለውን ልዩነት ለማየት ደግሞ የፈላ ማንቆርቆሪያን መመልከት ይበቃል። ከማንቆርቆሪያው አፍ ጥግ፣ እንፋሎቱ ነጭ ከመሆኑ በፊት፣ ምንም የማይታይበት ጠባብ ክፍት ስፍራ አለ። ተኑ ያለው እዚያ ነው። ራቅ ብሎ የሚታየው ነጭ ነገር ግን ተኑ ቀዝቅዞ የፈጠራቸው ጠብታዎች ናቸው፤ በሌላ አነጋገር ትንሽ ደመና ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ሌላ ነገር አለ። «ክላውድ» የሚለው ቃል ከድንጋይ የተወለደ በመሆኑ፣ ደመናን አንድ ረግቶ የሚኖር ዕቃ አስመስሎ ያቀርበዋል። በእርግጥ ግን ደመና ከዕቃነቱ ይልቅ ሂደትነቱ ያይላል። በጣርማ በር ላይ ለሰዓታት የተቀመጠ የሚመስለው ጉም፣ ከቆላው ወደ ላይ የሚገፋው እርጥብ አየር እየቀዘቀዘ ጠብታ ሲሠራ፣ ተራራውን አልፎ ሲወርድ ደግሞ እየሞቀ ጠብታው ሲተን የሚታይ ነገር ነው። ቦታው አንድ ነው፤ ውሃው ግን በየደቂቃው ሌላ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ሥዕል እዚህ ላይ ያሳስታል።

የመድኃኒት ነጋዴው የሰጣቸው ስሞች

ደመናን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ መሰየም የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1802 ሉክ ሃዋርድ የተባለ የ30 ዓመት እንግሊዛዊ የመድኃኒት አምራችና ነጋዴ፣ በለንደን ለተሰበሰቡ ጥቂት የሳይንስ ወዳጆች ስለ ደመና ንግግር አደረገ። ንግግሩ በ1803 ታተመ። ሃዋርድ ደመናዎችን የከፈለው በአራት የላቲን ቃላት ነው። ሲረስ፣ ኩሙለስ፣ ስትራተስና ኒምበስ ይባላሉ። እነዚህ ቃላት ዛሬ በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ አሉ፤ ተማሪዎቻችንም ለፈተና ይሸመድዷቸዋል። ትርጉማቸው ግን እንደሚፈሩት አይደለም። ሲረስ የተጠቀለለ ጸጉር፣ ኩሙለስ ክምር፣ ስትራተስ የተነጠፈ ንጣፍ፣ ኒምበስ የዝናብ ደመና ማለት ነው። ኩሙለስ ያለው ሊቅ «ክምር» ከማለት በቀር ያለው ነገር የለም። በዐውድማ ላይ የእህል ክምር ያየ ልጅ ቃሉን ከእርሱ ይልቅ ያውቀዋል።

የሃዋርድ ሥራ ታላቅነት በቃላቱ እንግዳነት ላይ አልነበረም። ደመና ማለቂያ የሌለው የቅርጽ ለውጥ ቢኖረውም ጥቂት መሠረታዊ መልኮች እንዳሉት፣ እነዚህም እርስ በርሳቸው እንደሚለዋወጡ ለዓመታት አስተውሎ በማሳየቱ ላይ ነበር። ማስተዋሉ ቀደመ፤ ስሙ ተከተለ። ታላቁ ጀርመናዊ ባለቅኔ ጎተ እንኳ በሥራው ተማርኮ ለሃዋርድ መታሰቢያ ግጥም ጽፎለታል።

ለፍትሐዊነት ሲባል የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽታ መጥቀስ ይኖርብናል። በዚያው በ1802 ፈረንሳዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ላማርክ የራሱን የደመና አከፋፈል አሳትሞ ነበር። ስሞቹ ግን ፈረንሳይኛ ነበሩ፤ ከሀገሩ ውጭ ብዙ ተከታይ አላገኙም። የሃዋርድ ስሞች የተስፋፉበት አንዱ ምክንያት፣ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ምሁራን ሁሉ የጋራ በነበረው በላቲን መሰየማቸው እንደ ሆነ ይነገራል። በ1896 የታተመው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የደመና አትላስም የተመሠረተው በእነዚሁ ስሞች ላይ ነው። የጋራ ቋንቋ ለሳይንስ ይጠቅማል። ይህን አንክድም፤ ከዚህ በታችም እንመለስበታለን።

ከተራራ ጫፍ እስከ አቶም

«ክላውድ» ከሰማይ ወርዶ ወደ ቤተ ሙከራችን የገባበትም ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ፊዚሲስት ቻርልስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1894 በሀገሩ ከፍተኛ ተራራ በቤን ኔቪስ ጫፍ ላይ በነበረው የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ጥቂት ሳምንታት አሳለፈ። ፀሐይ በደመናው ላይ የምትሠራቸውን ባለቀለም ክበቦች አይቶ ተደነቀና ያንን ደመና በመስታወት ዕቃ ውስጥ ለመፍጠር ተነሣ። እርጥብ አየርን በድንገት እንዲሰፋ በማድረግ ሲያቀዘቅዘው ደመና ተሠራለት። ጠብታ እንዲጀመር ብዙውን ጊዜ የአቧራ፣ የጨው ወይም የጢስ ቅንጣት ያስፈልጋል። ዊልሰን ግን አየሩ ከአቧራ ቢጠራም በበቂ መጠን ከሰፋ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች፣ ማለትም አዮኖች፣ የአቧራውን ሚና እንደሚወጡ አወቀ። በ1911 መሣሪያውን አሻሽሎ በዓይን የማይታዩ የአቶም ቅንጣቶች የሄዱበትን መንገድ በጠብታ መስመር ሥሎ አሳየ። በ1927 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ፖዚትሮንን በ1932 ያገኘው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። በተራራ ላይ ጉም ያየ ሰው የፀረ ቁስን በር ከፈተ ማለት ነው።

ቃሉ ከዚያም አልፎ ወደ አቶም ውስጥ ገባ። «የኤሌክትሮን ደመና» የሚለውን አባባል የማያውቅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሥዕሉን እንደ ጉም ተረድተን፣ ኤሌክትሮኑ በኒውክሊየሱ ዙሪያ እንደ ጭጋግ የተበተነ ይመስለናል። የሰማይ ደመና የብዙ ጠብታዎች ስብስብ ነው። በሃይድሮጂን አቶም ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ግን አንድ ብቻ ነው። «ደመናው» የሚያሳየው ያ አንድ ኤሌክትሮን በየስፍራው የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ደመናው ደመቅ ባለበት ዕድሉ ይበዛል፤ በሳሳበት ያንሳል። ይህን ልዩነት ሳይረዳ «ኤሌክትሮን ክላውድ» ብሎ በሚገባ የጻፈ ተማሪ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ አቶሙን ግን አላወቀውም።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ደግሞ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዞ በእያንዳንዳችን አንደበት ገብቷል። ተማሪው «ፎቶዎቼ ክላውድ ላይ ናቸው» ይላል። መነሻው የኔትወርክ መሐንዲሶች በሥዕላቸው ላይ ዝርዝሩን ለማሳየት ያላስፈለጋቸውን የኔትወርክ ክፍል በደመና ምስል የመሣል ልማዳቸው ነው። ይህ ስም ነገሩ ክብደት የሌለው፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ያስመስለዋል። ፎቶዎቹ ግን ያሉት በአንድ ሀገር መሬት ላይ በተተከለ ሕንፃ፣ በብረት መደርደሪያ ላይ በተደረደሩ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ኮምፒውተሮቹ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ ለማቀዝቀዝም በብዙ ቦታ ውሃ ይፈስሳል። ወደ እኛ የሚደርሱትም በአብዛኛው በባሕር ሥርና በምድር በተዘረጋ ገመድ ነው። የሚያስገርመው፣ ቃሉ ከሰማይ ተመልሶ ወደ ጥንቱ ትርጉሙ፣ ወደ ከባዱና ወደ ረጊው ነገር መቅረቡ ነው።

ጉምን መዝገን ይቻላል?

«እንግዲያው ሁሉንም በአማርኛ እንማር ማለታችሁ ነው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣብን ይችላል። አላልንም። የላማርክን ዕጣ ከላይ አይተናል። የዛሬው ሳይንስ የጋራ ቋንቋ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። እርሱን በሚገባ ያልተማረ ተማሪ ከዓለም የምርምር መድረክ ይርቃል። እንግሊዝኛን ተማሩ፤ አጥብቃችሁም ተማሩ። የምንቃወመው ቃሉ የነገሩን ቦታ ሲወስድ ነው።

ለዶክትሬት ትምህርታችን በውጭ ሀገር ሳለን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በረዳትነት እናስተምር ነበር። እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ወጣቶች ነበሩ። «ደመና ክብደት አለው?» ብለን ስንጠይቃቸው ከእነርሱም መካከል «የለውም» የሚሉ ጥቂቶች አልነበሩም። ቃሉ የእነርሱ ነው፤ እውቀቱ ግን ከቃሉ ጋር አልመጣላቸውም። እነርሱም እንደ እኛ ማስላት፣ መመልከትና መጠየቅ ነበረባቸው።

«አማርኛ የሳይንስ ቃል የለውም» የሚሉም አሉ። እስቲ እንቁጠር። ተን፣ እንፋሎት፣ ጉም፣ ጭጋግ፣ ደመና፣ ካፊያ፣ ዶፍ፣ ጤዛ፣ ውርጭ፣ በረዶ አሉን። በእነዚህ ውስጥ የማይታየው ከሚታየው፣ የረጋው ከፈሳሹ፣ ደቃቁ ከወፍራሙ ተለይቶ ተቀምጧል። የጎደለው መለኪያው ነው። «ካፊያ» ስንል የጠብታዋ ሬዲየስ ምን ያህል ነው? «ጭጋግ» የምንለው ስንት ሜትር ሲያሳይ ነው? በየትኛውም ቋንቋ ቃል ሳይንሳዊ የሚሆነው በዚህ መልክ ተለክቶና ስምምነት ላይ ተደርሶበት ሲሠራበት ነው። ይህም ለአማርኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የሶማልኛ ተናጋሪ ተማሪም በቤቱ የሰማውን ቃል ይዞ መጥቷልና ያንኑ ይመርምር።

በሌላ በኩል የራሳችን ቋንቋ ከስሕተት የነጻ ነው ብለን ልንኩራራም አይገባም። ከንቱ ድካምን «ጉም መዝገን» እንለዋለን። በዚህ አባባል ጉም ባዶ ነገር ነው። እውነታው ግን በሜትር ኩብ የተወሰነ ውሃ አለው። በሰሜን ቺሊ በረሃ ጠረፍ ቹንጉንጎ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተራራ ላይ በተዘረጉ ግዙፍ መረቦች ከጉም የተለቀመ ውሃ ትጠጣ ነበር። ጉም ይዘገናል ማለት ነው። እንግሊዝኛው ደመናን ድንጋይ ነው ብሎ አገዘፈው፤ የእኛ አባባል ምንም ነው ብሎ አቀለለው። ሁለቱም ሚዛን ላይ መውጣት ነበረባቸው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ያለን ምክር ይህ ነው። አዲስ የሳይንስ ቃል ሲገጥማችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ይህ ቃል ሙያዊ ከመሆኑ በፊት ምን ማለት ነበር? በውስጡ የያዘው ሥዕል ምንድን ነው? ያ ሥዕል ከእውነታው ጋር የሚለያየው የት ላይ ነው? ከዚያም ነገሩን በቤታችሁ ቋንቋ፣ ለታናሽ እኅታችሁ ወይም ለአያታችሁ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ሳትጠሩ ለማስረዳት ሞክሩ። ካልቻላችሁ የያዛችሁት ቃሉን ብቻ ነው። ከቻላችሁ የእንግሊዝኛው ቃል ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል።

ለመምህራን የምንለውን በቅድሚያ ለራሳችን እንላለን። የተሸመደደ ዓረፍተ ነገርን በሙሉ ነጥብ ስንሸልም የኖርን እኛ ነን። በዚያ የሰኔ ቀን ጥያቄውን በአማርኛ የደገምነው በዕቅድ ሳይሆን በአጋጣሚ ነበር። ባንደግመው ኖሮ ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ መልሷን እንደ ያዘች ትወጣ ነበር። በቀደሙት ዓመታት ስንቶቹ እንዲሁ ይዘውት እንደ ወጡ ስናስብ ያሳፍረናል።

ያን ዕለት ትምህርቱን አልጨረስነውም። የ500 ቶኑን ስሌት በሰሌዳው ላይ እየጻፍን ሳለ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደና ድምፃችን አልሰማ አለ። ጠመኔውን አስቀምጠን ስንጠብቅ፣ ያ ከፊት ረድፍ የተቀመጠው ተማሪ በሁለት እጁ አፉን ከልሎ፣ «መምህር፣ ክብደት የለውም ያልነው ይኸው ወረደ!» ሲል ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ይህን የተናገረው በአማርኛ ነበር፤ በዚያች ሰዓትም ስለ ደመና ከሸመደደው ሁሉ የበለጠ ያውቅ ነበር።